ስልጠናው ተጠናቀቀ፤ ከዚያስ?

በሀገራችን ዜናዎች ውስጥ ዘመን የማይሽረው አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። «ለሦስት ቀናት ሲሰጥ የቆየው የአቅም ግንባታ ስልጠና በተሳካ ሁኔታ ተጠናቀቀ» ይላል። የመስሪያ ቤቱ ስም ይቀየራል። የቀኑ ብዛት ይቀየራል። ከተማው አንዴ አዳማ፣ አንዴ ሀዋሳ፣ አንዴ ቢሾፍቱ ይሆናል። «በተሳካ ሁኔታ» የምትለዋ ግን ከቦታዋ ንቅንቅ አትልም። ጋዜጠኝነት የተማርን ሰዎች ዜና ስንጽፍ ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን፣ እንዴት ብለን እንድንጠይቅ ተነግሮናል። ይህ ዜና ግን ሰባተኛ ጥያቄ ያስፈልገዋል፤ «ከዚያስ?» የሚል። ሰልጣኙ ሰኞ ጠዋት ወደ ስራው ሲመለስ ምን ተለወጠ?

ጥያቄው የኔ ፈጠራ አይደለም። ቢያንስ የ80 ዓመት ታሪክ አለው። ታሪኩ ከአሜሪካ የጦርነት ዘመን ፋብሪካዎች ተነስቶ በጃፓን በኩል አዲስ አበባ ድረስ ይመጣል። እንግዲህ ነገርን ከስሩ ነውና ከዚያው ከስሩ እንጀምር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጦርነት የወለደው ጥያቄ

በ1940 ፈረንሳይ በናዚ ጀርመን እጅ ስትወድቅ አሜሪካ ገና ጦርነቱ ውስጥ አልገባችም። ፋብሪካዎቿ ግን የጦር መሣሪያ ትዕዛዝ ይጎርፍላቸው ጀምሮ ነበር። ችግሩ ሰው ነው። የሰለጠነው ሰራተኛ ጥቂት ነው፤ ከእርሻ፣ ከሱቅና ከቤት እየወጣ ወደ ፋብሪካ የሚገባው አዲስ ሰው ደግሞ እጅግ ብዙ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር መንግሥት «ትሬኒንግ ዊዚን ኢንዱስትሪ» የሚባል አገልግሎት አቋቋመ፤ በአማርኛ «በኢንዱስትሪ ውስጥ ስልጠና» ልንለው እንችላለን። ባለታሪኮቹ በአጭሩ ቲ ደብሊው አይ ይሉታል፤ እኔም እንደዚያው እላለሁ። የሚመሩት ሰዎች የቢሮክራሲ ሰዎች አልነበሩም። ኃላፊው ቻኒንግ ዱሊ ከነዳጅ ኩባንያ፣ ምክትሉ ዋልተር ዲትዝ ከዌስተርን ኤሌክትሪክ የመጡ፣ በሰራተኛ ስልጠና የኖሩ ሰዎች ነበሩ።

ከመጀመሪያዎቹ የቤት ስራዎቻቸው አንዱ የሌንስ ነገር ነበር። የጦር መሣሪያ ማነጣጠሪያና መነጽር የሚሰሩት ፋብሪካዎች 350 ሌንስ ሞራጅ ባለሙያ ቢፈልጉ አጡ። አንድ የሌንስ ባለሙያ እስኪበስል 5 ዓመት ይፈጃል ይባል ነበር። ሂትለር ደግሞ 5 ዓመት አይጠብቅም። የቲ ደብሊው አይ ሰዎች ስራውን ቁጭ ብለው ሲበልቱት፣ «የባለሙያ ስራ» ተብሎ ከተጠቀለለው ውስጥ አብዛኛው ለሌላ ሰራተኛ ሊሰጥ የሚችል ቀላል ስራ ሆኖ አገኙት። የቀረውን፣ እውነተኛውን ጥበብ፣ በደንብ ከፋፍለው ሲያስተምሩት 5 ዓመቱ ወደ ጥቂት ወራት ወረደ።

ዘዴውን ከሜዳ አልፈለሰፉትም። ቻርልስ አለን የሚባል የሙያ መምህር በአንደኛው የዓለም ጦርነት የመርከብ ሰሪዎችን ሲያሰለጥን የተጠቀመበትን፣ በ1919ም በመጽሐፍ ያሳተመውን አሰራር ነበር ያነሱት። ቲ ደብሊው አይ በጠቀለለው መልኩ አራት እርምጃ አለው። መጀመሪያ ሰራተኛውን አዘጋጀው፤ ቀጥሎ ስራውን እያሳየህ አስረዳው፤ ከዚያ ራሱ ይሞክረው፤ በመጨረሻ ተከታተለው። ይህቺን አራተኛዋን እርምጃ እባካችሁ ያዙልኝ። የዚህ ጽሑፍ ነገር በሙሉ እሷ ላይ ነው።

ኮርሱ በአጠቃላይ 10 ሰዓት ነበር፤ ሁለት ሁለት ሰዓት፣ አምስት ጊዜ። የሚሰለጥነው ተራው ሰራተኛ ሳይሆን የቅርብ አለቃው፣ ፎርማኑ ነው። በመጀመሪያው ቀን አሰልጣኙ ከፎርማኖቹ አንዱን ያስነሳና የመብራት ገመድ ላይ የሚታሰር አንድ ቋጠሮ በቃል ብቻ ያስረዳዋል፤ ሰውየው አስሮ ማሳየት ያቅተዋል። ሌላውን ያስነሳና ያለምንም ማብራሪያ አስሮ ብቻ ያሳየዋል፤ እሱም ያቅተዋል። ከዚያ በአራቱ እርምጃ ሲያስተምር ቋጠሮው ይታሰራል። የ20 ዓመት ልምድ ያለው ፎርማን በንግግር ብቻ ማንንም እንዳላስተማረ የሚገባው ያኔ ነው። ለእያንዳንዱም ኪሱ የምትገባ ካርድ ይሰጠዋል፤ ካርዷ ላይ ሰራተኛው ካልተማረ አስተማሪው አላስተማረም የሚል መልዕክት ታትሟል። ጥፋቱን ከተማሪ ራስ ላይ አንስቶ አስተማሪው ራስ ላይ ማኖር፣ በኛ ትምህርት ቤት ለለፋን ሰዎች፣ ቀላል አብዮት አይደለም።

በ1945 አገልግሎቱ ሲዘጋ ከ16 ሺህ በላይ በሆኑ ፋብሪካዎች ከ1 ሚሊዮን 6 መቶ ሺህ በላይ ሰዎች የምስክር ወረቀት ወስደው ነበር። እኛ ጋ ቢሆን ዜናው እዚህ ላይ ያልቃል። እነሱ ግን 600 ፋብሪካዎችን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሲከታተሉ ቆይተው ነበር። በመጨረሻው ዘገባቸው ከፋብሪካዎቹ 86 በመቶው ምርታቸው ቢያንስ በ25 በመቶ እንዳደገ፣ 88 በመቶው የሰው ጉልበት ሰዓት ቢያንስ በ25 በመቶ እንዳዳኑ፣ 55 በመቶው የተበላሸ ምርት ቢያንስ በ25 በመቶ እንደቀነሰ ተናገሩ። አዲስ ሰው ለማሰልጠን የሚፈጀው ጊዜና የሰራተኛ ቅሬታማ በሁሉም ፋብሪካዎች ቢያንስ በ25 በመቶ ቀንሷል ተባለ።

ቁጥሩ ያፈዛል። ቢሆንም ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ «ምርት በ86 በመቶ አደገ» ማለት አይደለም፤ ብዙ ሰው እየተሳሳተ እንደዚያ ይጽፈዋል። ሁለተኛ፣ የተናገሩት ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ናቸው። በዚያ ዘመን አዲስ ማሽን ገብቷል፣ ትዕዛዝ በዝቷል፣ ሕዝቡም በሀገር ፍቅር ሌት ተቀን ይሰራል። ለውጡ ውስጥ ስልጠናው ስንት እጅ እንደያዘ የሚነግረን፣ ያልሰለጠነ ማነጻጸሪያ ፋብሪካ አልተያዘም። ስለዚህ እንደ ፍጹም ማስረጃ አልቆጥረውም። የማደንቀው የጠየቁትን ጥያቄ ነው። «ኮርሱን ወደዳችሁት?» አላሉም። ምርት፣ ሰዓት፣ ብልሽት፣ ቅሬታ ነበር ያሉት።

ሰልጣኙ የሚመለሰው ወደ ማን ነው?

ጦርነቱ አለቀ፤ ስልጠናው ግን በየኩባንያው ፋሽን ሆኖ ቀጠለ። ከነዚህ አንዱ የእርሻ ማሽንና የጭነት መኪና አምራቹ ኢንተርናሽናል ሃርቨስተር ነበር። ፎርማኖቹን ቺካጎ ወዳለው ማዕከላዊ ትምህርት ቤቱ እየጠራ፣ ሰራተኛን በአክብሮትና በመደማመጥ ስለ መምራት ለሁለት ሳምንት ያስተምራቸው ነበር። የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲው ኤድዊን ፍላይሽማን የዚህን ስልጠና ውጤት ለማጥናት ተነሳ፤ ጥናቱም በ1953 ታተመ።

ፍላይሽማን ቲ ደብሊው አይ ያላደረገውን አደረገ። የሰለጠኑትን ካልሰለጠኑት ጋር አነጻጸረ። የሰለጠኑትንም በቅርብ የሰለጠኑና ወራት ያለፋቸው ብሎ ለያቸው። ፎርማኑን ብቻ ሳይሆን በስሩ ያሉትን ሰራተኞችና የበላይ አለቃውንም ጠየቀ።

ውጤቱ ለስልጠና ክፍሎች መርዶ ነበር። በኮርሱ የመጨረሻ ቀን የፎርማኖቹ አመለካከት በእርግጥ ተለውጦ ነበር፤ ለሰራተኛው ማሰብ ይሻላል ይላሉ። ወደ ፋብሪካቸው ከተመለሱ በኋላ ግን በስራ ላይ የሚታየው ጠባያቸው ካልሰለጠኑት የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። የፎርማኑን ጠባይ ይበልጥ የሚተነብየው ኮርሱ ሳይሆን የበላይ አለቃው ነበር። አለቃው ሰው አክባሪ ከሆነ ፎርማኑም ሰው አክባሪ ነው፤ አለቃው በትዕዛዝና በግልምጫ የሚሰራ ከሆነ፣ ፎርማኑ ቺካጎ የተማረውን ቺካጎ ትቶት ይመጣል። ፍላይሽማን ይህንን የአመራር «አየር ጠባይ» ብሎ ጠራው።

ይህንን ለመረዳት አሜሪካ መሄድ አያስፈልግም። አንዲት ወጣት የመዝገብ ቤት ሰራተኛ አምስት ቀን ሰልጥና፣ ፋይል አደረጃጀት ተምራ፣ በጉጉት ትመለሳለች። «ጋሽዬ፣ መዝገቡን በቁጥር ብናደርገው እኮ ባለጉዳይ አይጉላላም» ትላለች። «ልጄ፣ እኛ 15 ዓመት እንዲሁ ነው የሰራነው፤ አርፈሽ ስራሽን ስሪ» ትባላለች። አለቀ። ስልጠናው የሞተው ያኔ ነው፤ የምስክር ወረቀቱ ግን ማህደሯ ውስጥ በሕይወት አለ። ይህቺ ሴት በምናቤ የሳልኳት ናት፤ ሆኖም በየመስሪያ ቤቱ ያላችሁ አንባቢዎች ስሟን ሳትነግሩኝ የምታውቋት ይመስለኛል።

የከርክፓትሪክ መሰላል

በዚሁ ዘመን የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲው ዶናልድ ከርክፓትሪክ በ1954 የዶክትሬት ጽሑፉን የሰራው በዚህችው ጥያቄ ላይ ነበር፤ የፎርማኖች ስልጠና ምን ውጤት አመጣ? ከ1959 መጨረሻ እስከ 1960 መጀመሪያ ባሉት ወራት ደግሞ ለአሜሪካ የስልጠና ዳይሬክተሮች ማህበር መጽሔት አራት ተከታታይ ጽሑፎች ጻፈ። ዛሬ በየትኛውም የሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል የምትማሩት አራት ደረጃ መነሻው ይኸው ነው።

አንደኛው ደረጃ ስሜት ነው፤ ሰልጣኙ ስልጠናውን ወደደው? ሁለተኛው ትምህርት ነው፤ አዲስ እውቀት ወይም ክህሎት ያዘ? ሦስተኛው ጠባይ ነው፤ ስራው ላይ ተመልሶ የተማረውን አደረገው? አራተኛው ውጤት ነው፤ በመስሪያ ቤቱ ምርት፣ ወጪ፣ ጥራት ወይም ቅሬታ ላይ ምን ተለወጠ?

አራተኛው ደረጃ ምን እንደሚመስል አያችሁ? ቲ ደብሊው አይ በጦርነቱ ዘመን ይጠይቃቸው የነበሩት ጥያቄዎች ናቸው። ሦስተኛው ደግሞ ፍላይሽማን ሃርቨስተር ውስጥ የጠየቀው ነው። ከርክፓትሪክ የሰው ልጅ በተግባር ሲጠይቅ የኖረውን በመሰላል ደረደረው ማለት ይቻላል። በ1994 መጽሐፍ አድርጎ አወጣው፤ በ2014 እስካረፈበት ጊዜም ስሙ ከስልጠና ግምገማ ተለይቶ አያውቅም።

ነገር ግን መሰላሉ አንድ ጣጣ አመጣ። የመጀመሪያው እርከን በጣም ቀላል ነው። አንድ ገጽ ቅጽ ታትማለህ፣ በመጨረሻው ቀን ትበትናለህ፣ አማካዩን ታወጣለህ፤ በቃ። አራተኛው ግን ወራት ይጠይቃል፣ ከስልጠናው በፊት የተያዘ መነሻ ቁጥር ይጠይቃል፣ አለቆችን መጠየቅ ይጠይቃል። ስለዚህ ዓለም በሙሉ አንደኛው እርከን ላይ ቁጭ አለና «ገመገምን» አለ። ከርክፓትሪክ ራሱ ገና በመጀመሪያው ጽሑፉ ሰልጣኙ ወደደው ማለት ተማረ ማለት እንዳልሆነ አስጠንቅቆ ነበር። በ1997 ጆርጅ አሊገርና ባልደረቦቹ በርካታ ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ፣ ስልጠናን መውደድና ከስልጠና መማር እምብዛም ግንኙነት እንደሌላቸው አገኙ።

የኛን ቅጽ አስታውሱት። አዳራሹ እንዴት ነበር? አሰልጣኙስ? መስተንግዶውስ? «እጅግ በጣም ጥሩ፣ በጣም ጥሩ፣ ጥሩ፣ መካከለኛ።» አራቱም አንደኛው እርከን ላይ ናቸው። እንዲያውም አንዳንዱ ከአንደኛውም በታች ነው፤ ምሳውን የሚለካ እርከን ከርክፓትሪክ አልሰራም።

እዚህ ላይ ሰልጣኙን መክሰስ ተገቢ አይመስለኝም። ደመወዙ ወር የማያደርሰው ሰራተኛ ስልጠናን በአበሉ ቢለካ ምን ይገርማል? እሱ ለራሱ ኑሮ ትክክለኛ ሂሳብ ነው የሰራው። ጥያቄው የሚመለከተው በጀቱን የመደበውን ነው። አበል ደመወዝ የሚደጉምበት መንገድ ከሆነ በግልጽ ደመወዝ እንበለውና እንክፈል፤ ስልጠና ካልነው ግን እንደ ስልጠና እንመዝነው።

በጃፓን ዞሮ ወደ እኛ

ወደ ቲ ደብሊው አይ ልመልሳችሁ፤ ምክንያቱም ታሪኩ በ1945 አላለቀም። አሜሪካ ጦርነቱ ሲያበቃ አገልግሎቱን ዘጋችው፤ ብዙም ሳይቆይ ረሳችው። በአንጻሩ በአሜሪካ ጦር ስር የነበረችው፣ ፋብሪካዎቿ የወደሙባት ጃፓን አነሳችው። በ1951 ከኦሃዮ የመጡ የቀድሞ የቲ ደብሊው አይ ሰዎች በሎዌል ሜለን መሪነት የጃፓን አሰልጣኞችን አሰለጠኑ። ቶዮታም በነዚያው የ1950ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ኮርሱን ተቀበለ። የስራ ዘዴን በትንሽ በትንሹ የማሻሻል ትምህርቱ፣ ከሌሎች ምንጮች ጋር ተዋህዶ፣ በኋላ ዓለም «ካይዘን» ብሎ ያወቀው አሰራር አንዱ ስር ሆነ።

ካይዘን የምትለዋን ቃል የኢትዮጵያ ጆሮ ያውቃታል። በ2008 ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የጃፓን የልማት ትብብር ድርጅት ጃይካ ቱኒዚያ ውስጥ ስለሰራው የካይዘን ፕሮጀክት ሰምተው፣ ለኢትዮጵያም እንዲደረግ ጠየቁ። ከ2009 እስከ 2011 በአዲስ አበባና በዙሪያዋ 30 ፋብሪካዎች ለሙከራ ተመረጡ። በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ከዚያም ቃሏ ከፋብሪካ ወጥታ በየመስሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጠፈች።

የሙከራው ፕሮጀክት ትልቁ ቁም ነገር፣ ቢያንስ በኔ ዓይን፣ አማካሪዎቹ ፋብሪካው ድረስ እየተመላለሱ መከታተላቸውና ፋብሪካዎቹም በመጨረሻ በውጤታቸው ተመዝነው ደረጃ የወጣላቸው መሆኑ ነው። አራተኛዋ እርምጃ ነበረች ማለት ነው። ካይዘን ወደ ብዙ ቦታ ሲስፋፋ የሚያሰጋው ይህቺው እርምጃ መንገድ ላይ እንዳትቀር ነው። ማብራሪያ አለ፣ ማሳየትም አለ፣ ሰሌዳም አለ፤ ተመልሶ የሚመጣና «እስቲ አሳዩኝ» የሚል ሰው ከሌለ ግን ሰሌዳው ጌጥ ይሆናል።

መከታተሉ ለምን ሞትና ሕይወት እንደሆነ የሕንድ ታሪክ ያሳያል። ከ2008 ጀምሮ የስታንፎርዱ ኒኮላስ ብሉምና የዓለም ባንኩ ዴቪድ መኬንዚ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሙምባይ አካባቢ ባሉ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ሙከራ አደረጉ። ነገሩ የክፍል ውስጥ ስልጠና ሳይሆን ፋብሪካው ውስጥ ገብቶ እየሰሩ ማማከር ነው። በዕጣ የተመረጡት ፋብሪካዎች የወራት ሙሉ ምክርና ድጋፍ አገኙ፤ ሌሎቹ ለማነጻጸሪያ ተያዙ። ይህ እንግዲህ በ1945 ለጎደለው ማስረጃ መልስ ነው። ድጋፉን ያገኙት በመጀመሪያው ዓመት ምርታማነታቸው በ17 በመቶ አደገ። በ2017 አጥኚዎቹ ተመልሰው ሲያዩ ግን፣ ከተጀመሩት አዳዲስ አሰራሮች ግማሽ ያህሉ ተትተዋል። ቢሆንም ካልተደገፉት ይሻላሉ። ለምን ተተወ ሲባል ከዋነኞቹ ምክንያቶች መካከል የስራ አስኪያጆች መቀያየርና የባለቤቶቹ ጊዜ ማጣት ይገኙበታል። የፍላይሽማን ፎርማንና የሕንዱ ሸማኔ ሳይተዋወቁ አንድ ነገር መሰከሩ፤ የተማሩትን የሚያኖረው ከላይ ያለው ሰው ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

የ80 ዓመቱ ታሪክ የሚነግረን ነገር ውድ አይደለም። ከስልጠናው በፊት አንድ ቁጥር መዝግቡ፤ አንድ ባለጉዳይ ስንት ቀን ይጉላላል? ከመቶ ምርት ስንቱ ይበላሻል? በወር ስንት ቅሬታ ይመጣል? ይህ ካልተመዘገበ ኋላ የሚነጻጸር ነገር አይኖርም። ከሦስት ወር በኋላ ያንኑ ቁጥር ድጋሚ ቁጠሩ። ቢቻል ሁሉንም ክፍል በአንዴ ከማሰልጠን ግማሹን አሁን፣ ግማሹን በሚቀጥለው ሩብ ዓመት አሰልጥኑ፤ በመሃል ያለው ጊዜ በነጻ የተገኘ ማነጻጸሪያ ነው። ከሁሉም በፊት ደግሞ አለቃውን አሰልጥኑት፤ ካልሆነም ሰልጣኙ ሲመለስ ምን እንደሚያስሞክረው አስቀድሞ በጽሑፍ ያስፍር።

«ሁሉም ስልጠና በቁጥር አይለካም» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። እውነት ነው። ስነ ምግባርን ወይም አመራርን እንደ ሌንስ መቁጠር ያስቸግራል። ግን ፍላይሽማን በ1953 የሰራተኞቹን አፍ ጠይቆ መሪነትን ለክቷል። የሚያስቸግረው መለካቱ ሳይሆን የሚወጣውን መልስ ለመስማት መድፈሩ ይመስለኛል። አራተኛው እርምጃ ላይ የሚፈተነው ሰልጣኙ ብቻ አይደለም፤ አሰልጣኙም፣ አለቃውም፣ ስልጠናውን ያቀደው ሰውም አብረው ይፈተናሉ። ለዚህም ይሆናል ሁሉም ሦስተኛው ላይ ደርሶ ፎቶ ተነስቶ የሚበተነው።

እስከዚያው ድረስ ዕዳውን የሚከፍለው ባለጉዳዩና ያ ደብተሩን ሞልቶ የተመለሰው ወጣት ሰራተኛ ናቸው። አንዱ ያው ወረፋ ላይ ይቆማል፤ ሌላው ለሚቀጥለው ስልጠና ሲጠራ ስለ ይዘቱ መጠየቅ ይተውና አበሉን ብቻ ይጠይቃል። ያኔ ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ሰውየውንም ነው የከሰርነው።